ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት፦ የፒካፕ ፍሪሲዮን ለእግር እንዲመች ማድረግ

ድሬ ዳዋ ላይ «ፍሪሲዮኑ ከበደኝ» ወይም «ከላይ ነው የሚይዘው» ካላችሁ መጀመሪያ የምትሰሙት መልስ «ዲስኩ አልቋል፣ ካምቢዮው ይውረድ» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ ማውረድ ቀን ይበላል፣ ዕቃው ውድ ነው፣ ሲፈታና ሲገጠም ደግሞ ደህና የነበረው ሁሉ ሊጎዳ ይችላል። እግራችሁ ላይ የሚሰማችሁ ነገር በአብዛኛው የሚወሰነው ከፔዳሉ እስከ ታችኛው ፖምፓ ባለው መንገድ ላይ ነው። እሱ ደግሞ በጥቂት ቁልፎች፣ በአንድ ጠርሙስ ፍሬን ዘይትና በትንሽ ግራሶ ይስተካከላል። ስለዚህ ከላይ ጀምሩ፣ ከርካሹ ጀምሩ። ካምቢዮው መጨረሻ ይምጣ።

የምጽፈው በዘይት ግፊት ስለሚሠራ ፍሪሲዮን ነው። እዚህ የምናያቸው የሃይሉክስ፣ የዲማክስ፣ የኒሳንና የሚትሱቢሺ ፒካፖች አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። መኪናችሁ በሽቦ የሚሳብ አሮጌ ከሆነ አካሄዱ ያው ነው፣ ማስተካከያው ግን ሽቦው ጫፍ ላይ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ እንየው። ፔዳሉን ስትረግጡ ገፊ ዘንጉ የላይኛውን ፖምፓ ፒስቶን ይገፋል። ዘይቱ በቱቦ ወርዶ ካምቢዮው ጎን ያለውን ታችኛውን ፖምፓ ይገፋል። እሱ ሹካውን፣ ሹካው ኩሽኔታውን፣ ኩሽኔታው የፕሬሸር ፕሌቱን (ዲስኩን የሚጫነውን ብረት) ሞላ ይገፋና ዲስኩ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ብረት) ይላቀቃል። እያንዳንዱ መገናኛ ላይ ያለች ክፍተት፣ ያለች አየር፣ ያለች ድርቀት ተደማምራ መጨረሻ ላይ እግራችሁ ጋ ትመጣለች።

ምን እንደሚሰማችሁ ለዩ

«አልተመቸኝም» ማለት ብቻውን ለማንም መካኒክ ምንም አይነግረውም። ፔዳሉ ከባድ ነው ወይስ ስፖንጅ ነው? የሚይዘው ወለሉ አጠገብ ነው ወይስ እግራችሁን አንስታችሁ ልትጨርሱ ስትሉ? ጠዋትና ቀን ይለያያል? የእነዚህ መልስ የተለያየ ቦታ ይወስዳችኋል።

ስፖንጅ የሆነ ፔዳል፣ ደጋግማችሁ ስትረግጡት የሚጠነክር ከሆነ፣ አየር ገብቶበታል ወይም የፖምፓው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያው) ደክሟል። ድንገት ወለል ላይ መያዝ ከጀመረ የዘይት መፍሰስ ፈልጉ። እንደ ድንጋይ የከበደ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የደረቀ ነገር አለ፣ ወይም ደጋፊዋ ሞላ ከቦታዋ ወጥታለች፣ ወይም በእርግጥ ዲስኩ ሳስቶ የፕሬሸር ፕሌቱ ሞላ ጠንክሯል። መነሻ ላይ መኪናው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ፔዳሉን አትንኩት። እሱ ዘይት የነካው ዲስክ፣ በሙቀት የተበላ ቮላኖ ወይም የተቀደደ የሞተር መያዣ ጎማ ነው፤ ከላይ ምንም ብታስተካክሉ አይለቅም።

ከላይ መያዝ ብቻውን «ዲስኩ አልቋል» ማለት አይደለም። ይህ አባባል የመጣው ከሽቦ ፍሪሲዮን ዘመን ነው። በሽቦ የሚሠራው ዲስኩ በሳሳ ቁጥር መያዣ ቦታው ወደ ላይ ይሸሻል። በዘይት የሚሠራው ግን የታችኛው ፖምፓ ፒስቶን ራሱ ወደ ኋላ እየገባ አብዛኛውን ልዩነት ይውጠዋል። ስለዚህ ፒካፓችሁ ከላይ ሲይዝ መጀመሪያ ገፊ ዘንጉን ማየት ይቀድማል።

ዲስኩ ማለቁን የሚያሳየው መንሸራተት ነው። ለዚህ ደግሞ ወደ ሐረር ከሚያወጣው ከደንገጎ ዳገት የተሻለ መፈተኛ የለም። ዳገቱን በአራተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ስትወጡ፣ መንገዱ ነፃ ሲሆን ነዳጁን አጥብቃችሁ ስጡት። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ዲስኩ እየተንሸራተተ ነው። ሞተሩ ከብዶት ቀስ እያለ አብሮ ከጨመረ ደግሞ ዲስኩ ይዟል፣ ገና ነው።

ሁለተኛው ፈተና አለመላቀቅን ያሳያል። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ በራሱ እየዞረ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጡና ሦስት ሰከንድ ያህል ጠብቃችሁ ኋላ ማርሽ አስገቡ። ከተንቋቋ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ አልተላቀቀም። ይህ ውጤት መኪናውን ሳትነኩት በፊትም፣ ካስተካከላችሁት በኋላም ያስፈልጋችኋል፤ ጻፉት።

ከመንካት በፊት ለኩ

ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ። ሳቢያን አካባቢ ያሉት ቀጥ ያሉ ሰፊ መንገዶች ጠዋት ሳይጨናነቁ ጥሩ ናቸው። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ አንደኛ አስገቡ፣ ነዳጅ ሳትሰጡ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ሲል፣ የመኪናው አፍንጫ ትንሽ ሲነሳ፣ እዚያው እግራችሁን አቁሙ። ጓደኛችሁ ከወለሉ እስከ ፔዳሉ ፊት ያለውን በማስመሪያ ይለካ። ያ የመያዣ ነጥባችሁ ነው። ደጋግማችሁ አታድርጉት፣ ዲስኩን ያሞቀዋል።

ከዚያ ሞተሩን አጥፉና ፔዳሉን በእጃችሁ፣ በሁለት ጣት፣ ቀስ አድርጋችሁ ጫኑት። መጀመሪያ ላይ ያለምንም ክብደት የሚሄዳት ትንሽ ርቀት አለች። ፍሪ ፕሌይ የሚሏት እሷ ናት፣ እኔ ባዶ ጉዞ እላታለሁ። ቶዮታ ለብዙዎቹ መኪናዎቹ የሚሰጠው ልክ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ የገፊ ዘንጉ ብቻ የሆነው፣ ማለትም ዘንጉ ፒስቶኑን እስኪነካ ያለው፣ ፔዳሉ ጫፍ ላይ ሲለካ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። የሌላ ፋብሪካ መኪና ከሆነ የራሱን መመሪያ እዩ።

አንድ ነገር አትርሱ፤ ምንጣፉን። ብዙ ሰው ደራርቦ ያነጥፋል፤ ከፋብሪካው የመጣው ላይ ጎማ፣ ከጎማው ላይ ደግሞ ወፍራም ምንጣፍ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ጉዞ ከፔዳሉ ተቀነሰ ማለት ፍሪሲዮኑ ሳይላቀቅ እግራችሁ ወለል ነካ ማለት ነው። አውጡትና እንደገና ሞክሩ። ማርሽ እንቢ የሚለው መኪና በዚህ ብቻ ሲድን ታያላችሁ።

ዘይቱን ቀይሩ፣ አየሩን አስወጡ

ፍሬን ዘይት ውኃ ይስባል። ታሽጎ ያለ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል። ውኃ ሲጠጣ ይህ ወደ 140 እና ወደ 155 ይወርዳል። የእኛ ሙቀት ላይ፣ በተለይ ግንቦትና ሰኔ፣ ከጭነት ጋር ዳገት ለዳገት ስትሄዱ ታችኛው ፖምፓ ከሞተሩና ከጭስ ማውጫው ብዙ አይርቅም። ጠዋት ደህና የነበረ ፔዳል ከሰዓት ሲለሰልስ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ብዙ መኪና ላይ የፍሬኑ ዘይት ይቀየራል፣ የፍሪሲዮኑ ግን መኪናው ከተገዛ ጀምሮ አልተነካም።

ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ግዙ። ዶት 3 የሚለው ላይ ዶት 4 መጨመር ይቻላል። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ግን ሌላ ነገር ነው፣ አትቀላቅሉት። የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት፣ ማንኛውም የማዕድን ዘይት ጎሚኒውን አሳብጦ ሁለቱንም ፖምፓ ይገድላል። የታሸገ ትንሽ ጠርሙስ ግዙና የተረፈውን ለከርሞ አታስቀምጡ።

ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። ከጎማው ፊትና ኋላ ድንጋይ አድርጉ። ከላይ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለውን ጥቁር ዘይት በሲሪንጅ ምጠጡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ አዲሱን ሙሉ። ታች ፖምፓው ላይ ጎማ ቆብ የለበሰች ትንሽ አየር ማውጫ ብሎን አለች። አብዛኛውን ጊዜ በ8 ወይም በ10 ቁልፍ ትፈታለች። ዙሪያዋን ያለውን አቧራ መጀመሪያ ቦርሹት፣ ምክንያቱም እዚህ ሀገር አቧራው የትም ይገባል። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ትንሽ ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩ።

ከዚያ አንዱ ጋቢና ይገባል፣ አንዱ ሥር ይተኛል። ሥር ያለው ያዛል። «ርገጥ!» ሲል ላይ ያለው ቀስ ብሎ ሦስት አራት ጊዜ ይረግጥና መጨረሻው ላይ «ያዝኩ!» ይላል። ሥር ያለው ብሎኗን ሩብ ዙር ይከፍታል፤ ዘይትና አረፋ ይወጣል፤ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ «ልቀቅ!» ይላል። ብሎኗ ክፍት ሆና ፔዳሉ ከተለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይሳባል፤ ለዚህ ነው «ቀስ በል አቦ፣ ሳልልህ እንዳትለቅ!» የሚለው ጩኸት የማይቀረው። አንዳንዴ ፔዳሉ ወለል ላይ ይቀራል፣ በእጅ ወይም በእግር ጣት አንሱት። በየጥቂቱ ማጠራቀሚያውን ሙሉ። አንዴ ባዶ ከሆነ ከመጀመሪያው ነው የምትጀምሩት።

የሚወጣው ዘይት ጥርት እስኪልና አረፋው እስኪቆም ቀጥሉ። ጥቁር ዱቄት የመሰለ ነገር ከመጣ የጎሚኒ ብናኝ ነው፤ ፖምፓዎቹ ዕድሜያቸው እየተጠናቀቀ ነው። በዚሁ አጋጣሚ የታችኛውን ፖምፓ አቧራ መከላከያ ጎማ ገልጣችሁ እዩ፤ እርጥብ ከሆነ እያፈሰሰ ነው። ጋቢና ውስጥ፣ ፔዳሉ ከላሜራው ጋር የሚገናኝበት ቦታም ጣታችሁን ስደዱ፤ እርጥብ ከሆነ የላይኛው ነው። ቀለም ላይ የፈሰሰ ፍሬን ዘይት ካለ ወዲያው በውኃ እጠቡት፣ ቀለሙን ይልጠዋል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ፔዳሉ ጠንክሮ፣ መያዣ ነጥቡ ተመልሶ፣ ሥራው አልቆ ያገኘዋልና። እናንተም ከተመቻችሁ አቁሙ።

ገፊ ዘንጉ

የመያዣ ነጥቡን ከፍና ዝቅ የምታደርጉበት ቦታ ይህ ነው። ከመሪው ሥር አንገታችሁን አስገቡና በባትሪ እዩ። ከፔዳሉ ክንድ ተነስቶ ላሜራውን በስቶ ወደ ፖምፓው የሚገባ ጥርስ ያለው ዘንግ አለ። ዘንጉ ላይ የምታስረው አንድ ዳዶ አለች፣ ብዙ ጊዜ በ12 ቁልፍ የምትፈታ። ከላይ ደግሞ ፔዳሉ ሲመለስ የሚያርፍበት ማቆሚያ ብሎን አለ። እሱ የፔዳሉን ከፍታ ይወስናል።

ዳዶዋን አላሉ። ዘንጉን በፒንሳ ያዙና አዙሩ። ሲረዝም ባዶ ጉዞው ያንሳል፣ መያዣ ነጥቡም ከወለሉ ይርቃል፣ ወደ ላይ ይወጣል። ሲያጥር ባዶ ጉዞው ይበዛል፣ መያዣው ወደ ወለል ይወርዳል። በግማሽ ዙር ብቻ ሂዱ። አዙሩ፣ ዳዶዋን እሰሩ፣ ለኩ፣ ሞክሩ። ዘንጉ ላይ ያለች ትንሽ ለውጥ እግር ጋ ስትደርስ ተባዝታ ነው፣ ምክንያቱም ፔዳሉ ረጅም ክንድ ነው።

ለምሳሌ ከላይ የሚይዝ ሃይሉክስ አላችሁ እንበል። እግራችሁን ሙሉ በሙሉ አጥፋችሁ ካልሆነ አይነሳም፣ ታይዋን ገበያ አካባቢ ከባጃጅ መሀል ስትቆሙና ስትነሱ ጉልበታችሁን ይይዛችኋል። ዘንጉን ግማሽ ዙር አሳጥሩ። የኋላ ማርሽ ፈተናውን ድገሙ። ካልተንቋቋ ሌላ ግማሽ ዙር መሞከር ትችላላችሁ። ትንሽ እንኳ ከተንቋቋ ግን ወደ ኋላ መልሱ፤ ለእግር ምቾት ብላችሁ የማርሽ ቀለበቶችን አትብሉ።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። ባዶ ጉዞውን በፍጹም ዜሮ አታድርጉት። አንዳንዱ «ፔዳሉ ሲነካ ወዲያው ይሥራልኝ» ብሎ ዘንጉን እስኪጠብቅ ያረዝመዋል። ላይኛው ፖምፓ ውስጥ ፒስቶኑ ሙሉ በሙሉ ሲመለስ ብቻ የምትከፈት፣ ዘይቱን ከማጠራቀሚያው ጋር የምታገናኝ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ዘንጉ ፒስቶኑን ሁልጊዜ ትንሽ ከገፋው ያቺ ቀዳዳ እንደተዘጋች ትቀራለች። ዘይቱ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ መሄጃ ያጣል፣ ታችኛውን ፖምፓ ይገፋል። ማለትም እግራችሁ ፔዳሉን ሳይነካ ፍሪሲዮኑ በግማሽ ተረግጧል።

ይህ ድሬ ላይ የሚያመጣውን አስቡት። ጠዋት በቅዝቃዜ ምንም የለበትም። ቀን ላይ ጭናችሁ ደንገጎ መሀል ስትደርሱ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም፣ የተቃጠለ ዲስክ ሽታ ጋቢናውን ይሞላዋል። ጥላ ሥር አቁማችሁ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይድናል። ሲሞቅ የሚንሸራተት፣ ሲቀዘቅዝ የሚድን ፍሪሲዮን ካያችሁ ካምቢዮ ከማውረድ በፊት ባዶ ጉዞውን ለኩ። ኩሽኔታውም ሁልጊዜ ተጭኖ ስለሚዞር ያለ ጊዜው ይጮሃል።

ፔዳሉ ራሱ ከፍ ያለባችሁ ከሆነ ማቆሚያ ብሎኑን ማውረድ ይቻላል። አጠር ያለ ሰው ወንበሩን ወደ ፊት ሳይስብ እንዲነዳ ይረዳል። ግን ማቆሚያው ፔዳሉን ሲያወርድ ዘንጉንም ይገፋዋል፤ ስለዚህ ከፍታውን መጀመሪያ፣ ዘንጉን ከዚያ አስተካክሉ። በተቃራኒው ከሄዳችሁ የለካችሁት ሁሉ ይበላሻል። ፍሪሲዮን ካልተረገጠ የማይነሳ መኪና ከሆነ ደግሞ፣ ስትጨርሱ በደንብ እንደሚነሳ አረጋግጡ፤ ስዊቹ ቦታውን ሊስት ይችላል።

ፒኑና ቡሹ

እዚያው ተንበርክካችሁ ሳላችሁ ዘንጉ ከፔዳሉ ክንድ ጋር የሚገናኝባትን ፒን ያዙና ነቅንቋት። ጠቅ ጠቅ ካለች መያዣ ክሊፗን አውጡና ፒኗን አውጡ። ያገለገለች ፒን መሀሏ ላይ ወገብ አውጥታ፣ በአንድ በኩል ብቻ ተበልታ ታገኟታላችሁ። ቀዳዳውም ክብነቱን ጥሎ የእንቁላል ቅርጽ ይይዛል። ጣት ስታስገቡ የተሳለ ከንፈር ይሰማችኋል። እዚህ የተበላች አንድ ሚሊ ሜትር ፔዳሉ ጫፍ ላይ ብዙ ሚሊ ሜትር ባዶ ጉዞ ትሆናለች፣ በዘንግ ማስተካከል ደግሞ አትድንም፤ ትንሽ ቆይታ ትመለሳለች።

ለዚህ ቶርኖ ቤት ሂዱ። ድሬ ከ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ጀምሮ የምድር ባቡር ከተማ ናት፤ ብረት ቆርጦ ልኩን የሚያመጣ እጅ ሞልቷል። ቀዳዳውን ክብ አድርገው አስፍተው የነሐስ ቡሽ ይገጥሙላችኋል፣ ፒኗንም ከጠንካራ ብረት ይሠሯታል። ፒኗን በእጅ ስትገፏት የምትገባ፣ ግን የማትንቀሳቀስ እንድትሆን ንገሯቸው። ፔዳሉ የሚንጠለጠልባቸውን ፕላስቲክ ቡሾችም አብራችሁ ለውጡ፣ ርካሽ ናቸው። ስስ ግራሶ ቀቡ። ብዙ አትቀቡ፤ አቧራ ይይዝና ዞሮ አሸዋ ወረቀት ይሆናል።

በእኔ እምነት ከዚህ ሥራ ሁሉ ለወጪው ከፍተኛውን ለውጥ የሚሰጠው ይህ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የነበረው መንቋቋት ጠፍቶ፣ እግር ሲያርፍበት ወዲያው ሥራ ሲጀምር፣ መኪናው የተለወጠ ይመስላችኋል።

ደጋፊዋ ሞላ

ብዙ ፒካፖች ፔዳሉ ክንድ ላይ አንዲት ወፍራም ሞላ አላቸው። ፔዳሉ ላይ ሳለ ወደ ላይ ትገፋዋለች። የተወሰነ ከወረደ በኋላ ግን አቅጣጫዋ ይዞርና እግራችሁን ታግዛለች፣ ወደ ታች ትገፋለች። ስለዚህ ክብደቱ መሀል ላይ ድንገት ይቀላል። ስትለቁ ደግሞ በተቃራኒው፣ ፔዳሉ መጀመሪያ ሰነፍ ይሆንና ከዚያ ብድግ ይላል። መያዣ ነጥቡ እዚያ ቦታ ላይ ከወደቀ ቀስ ብሎ መነሳት ያስቸግራል።

አንዳንዶች ሞላዋን ያወጧታል። ፔዳሉ ይከብዳል፣ ግን ክብደቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ይሆናል፣ ዲስኩ የሚይዝበት ቅጽበት እግር ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል። ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው አልመክርም። ከድሬ ሐረር የሚመላለስ፣ ብዙ ጊዜ ማርሽ ውስጥ ሆኖ የሚሄድ ሰው ግን ሊወደው ይችላል። ስታወጡት ሞላዋ ተወጥራለችና መነጽር አድርጉ፣ ፊታችሁን አርቁ። ካወጣችሁ በኋላ ፔዳሉ በራሱ እስከ ላይ እንደሚመለስ ተመልከቱ። ካልተመለሰ መልሳችሁ ግጠሟት ወይም ቀላል መመለሻ ሞላ አድርጉለት፤ ግማሽ ላይ የሚቀር ፔዳል ቅድም ያልኩትን መንሸራተት ያመጣል። የወጣችውን ሞላ ደግሞ አትጣሏት።

ስለ ትልቅ ፖምፓና ስለ ቱቦው

«ታችኛውን ፖምፓ በትልቅ ቀይረው፣ ይቀላል» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ይቀላል፣ ግን በነፃ አይደለም። የ19.05 ሚሊ ሜትሩን በ20.64 ብትለውጡት የፒስቶኑ ስፋት በ17 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለእግራችሁ ወደ 15 በመቶ ይቀላል፤ የሹካው ጉዞ ግን በዚያው 15 በመቶ ያንሳል። ትርፍ ጉዞ የሌለው መኪና ላይ ይህ ማለት ፍሪሲዮኑ አይላቀቅም ማለት ነው። የኋላ ማርሹ በፊትም ትንሽ የሚንቋቋ ከነበረ አታስቡት።

ከብረት ቱቦው ወደ ታችኛው ፖምፓ የምትወርደው ጎማ ቱቦ ያረጀች ከሆነ ስትረገጥ ታብጣለች፤ አንዱ እጁን ዘርግቶ ይዟት ሌላው ሲረግጥ እጅ ውስጥ ስትወፍር ትሰማላችሁ። ለውጧት። ከውስጥ የተዘጋች ከሆነች ደግሞ ፍሪሲዮኑ ለመልቀቅ ይዘገያል።

አንዳንድ መኪና ላይ መስመሩ ውስጥ ሆን ተብሎ የተጠበበ ቀዳዳ ወይም ክብ ትንሽ ጣሳ ታገኛላችሁ። ጠባቧ ቀዳዳ እግር በድንገት ቢነሳም ዲስኩ ቀስ ብሎ እንዲይዝ ታደርጋለች። ጣሳው የሞተሩ ንዝረት ፔዳሉ ላይ እንዳይደርስ ይውጣል። ሁለቱም ፔዳሉን ትንሽ ድፍን ያደርጉታል፣ ሰዎችም ያወጧቸዋል። ባዶውን ለሚሄድ መኪና ልዩነቱ ደስ ይላል። ጭነት ለሚጭን ፒካፕ ግን ጠባቧን ቀዳዳ ተዉአት። የተቸኮለ እግር የሚያመጣው ንቅናቄ ቀጥታ ወደ መስቀለኛውና ወደ ዲፈረንሻሉ ነው የሚሄደው።

ሹካው፣ ከዚያም ካምቢዮው

ካምቢዮውን ሳታወርዱ ለሹካው የምታደርጉት ትንሽ ነገር አለ። የሹካውን መከላከያ ጎማ ገልጣችሁ የተጠራቀመውን አሸዋና ጭቃ አውጡ። ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ወይም ወደ ሽንሌ በአሸዋ የሚሄድ መኪና እዚያ ቦታ ብዙ ያጠራቅማል። የፖምፓው ዘንግ ሹካውን የሚነካበት ጉድጓድ ላይ ትንሽ ግራሶ ጥሩ ነው። ጎማው የተቀደደ ከሆነ ለውጡት፣ አለዚያ ያወጣችሁት አሸዋ በሳምንቱ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፔዳሉ አሁንም ከከበደ፣ ወይም መንሸራተቱ ከተረጋገጠ፣ አሁን ካምቢዮው ይውረድ። ከወረደ ደግሞ በግማሽ ሥራ አትመልሱት። ዲስኩ፣ ፕሬሸር ፕሌቱ፣ ኩሽኔታው፣ ቮላኖው መሀል ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ አብረው ይለወጡ። ቮላኖው ሰማያዊ ቦታ ወይም የፀጉር መስመር ስንጥቅ ካለው ለቶርኖ አሳዩት። አንዳንድ አዳዲስ ዲዝሎች ላይ ያለው ባለ ሁለት ድርብ ቮላኖ ግን በዘፈቀደ አይቆረጥም። የሞተሩን የኋላ ጎሚኒ እዩ፤ እዚያ የሚንጠባጠብ ዘይት አዲሱን ዲስክ ይጨርሰዋል። ኩሽኔታው የሚንሸራተትበትን እጅጌና የሹካውን መቀመጫ አጽዱና ስስ ግራሶ ቀቡ። የከባድ ፔዳል ምክንያት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው፤ ደርቆ፣ ዝጎ፣ እጅጌው ላይ ጎድጓዳ መስመር ተበልቶ።

«ሄቪ ዱቲ» ተብሎ የሚሸጠው ፕሬሸር ፕሌት አጥብቆ ይይዛል፣ ፔዳሉንም ያከብዳል። ሁልጊዜ የምትጭኑ ካልሆነ ኦሪጅናሉን ልክ ግዙ። ባለ ቁራጭ ሴራሚክ ዲስክ ደግሞ ነጥቆ ነው የሚይዘው፤ ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚነሳ ሰው አይሆንም። አዲስ ዲስክ ከገባ በኋላ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ለስለስ አድርጋችሁ ንዱ፣ ከባድ ጭነት ይዛችሁ ዳገት ላይ አትነሱ።

መሞከሪያው

ሜዳ ላይ የተመቸ ፍሪሲዮን ዳገት ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ ስትደርሱ ግን 2,000 አልፋችኋል። ተርቦ የሌለው አሮጌ ዲዝል እዚያ አየር ስለሚያጥረው ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ድሬ ላይ ነዳጅ ሳትሰጡ የሚነሳው መኪና እዚያ ከፍታ ላይ ሊጠፋባችሁ ይችላል። ያ የፔዳሉ ጥፋት አይደለም፣ ዘንጉን እንደገና አትነካኩ።

ዳገት ላይ ስትቆሙ በግማሽ ፍሪሲዮን አትያዙት። የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ መያዣ ነጥቡን ፈልጉ፣ አፍንጫው ሲነሳ ፍሬኑን ልቀቁ። ደንገጎ ላይ ከፊታችሁ ከባድ መኪና ሲቆም ሰልፉ ሁሉ ይቆማል፤ እዚያ በፍሪሲዮን ተንጠልጥሎ የሚጠብቅ ሰው አዲስ ዲስክ በአጭር ጊዜ ይጨርሳል። አሸዋ ውስጥ ደግሞ ዝቅተኛውን ፎር ዊል አስገቡ እንጂ ዲስኩን እያቃጠላችሁ አትታገሉ።

ሙቀቱ ላይ ሞክሩት። ቀን፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ ጥላ ያለበት ቦታ አቁማችሁ ባዶ ጉዞውን እንደገና በሁለት ጣት ለኩ። ጠዋት ከነበረው ብዙ ካነሰ ዘንጉን ሩብ ዙር አሳጥሩ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ተመልሳችሁ ከመሪው ሥር ግቡና ዳዶዋን በ12 ቁልፍ ንኳት፤ ከላላች ዘንጉ በራሱ ይዞራል፣ ያስተካከላችሁት ሁሉ ይሄዳል። የማጠራቀሚያውን ዘይት ልክም በዚያው እዩ፤ ከወረደ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፣ ሁለቱን ፖምፓዎች እንደገና በጣታችሁ ፈትሹ።